ሳይቃጠል በቅጠል፦ የሞተር ሳይክል የቤንዚን ክዳን የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ፍሳሽ ቦይ፣ ስለ ጥበቃ መዋጮ፣ ስለ ቆሻሻ አጣጣል ብዙ ጊዜ ጽፈናል። ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ይመስላል። ስፋቱ ከቡና ሲኒ አፍ የማይበልጥ፣ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር የሆነ የጎማ ቀለበት ነው። በአሮጌ ሞተር ሳይክሎቻችን የቤንዚን ሰልባቲዮ ላይ፣ ከክዳኑ ሥር የሚቀመጠው ጎማ ማለታችን ነው። «ኧረ ይህ ደግሞ ለማስታወቂያ ሰሌዳ የሚበቃ ወሬ ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኛ ይበቃል ብለን እናምናለን፤ ምክንያታችንንም ከዚህ በታች እናስረዳለን።

በሰፈራችን ውስጥ ሞተር ሳይክል ይዞ የሚውለው ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ሞተሩን ግቢ ያስገባል። ውጭ ቢያድር ይሰረቃል፣ ዝናብም ይመታዋል፤ በዚህ ማንም አይፈርድበትም። ግቢዎቻችን ግን ጠባቦች ናቸው። አራትና አምስት አባወራ በአንድ በር ይገባል። ሞተሩ የሚያድረው በረንዳ ላይ፣ በመተላለፊያው፣ አንዳንዴም ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተደግፎ ነው። ከዚያው ማድ ቤት የከሰል ምድጃ ይወጣል፣ የእንጀራ ምጣድ ይጣዳል፣ ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። በዚህ መሐል ከሞተሩ የቤንዚን ሽታ ይነሳል። ሁሉም ያሸተዋል፤ ሁሉም «ሞተሩ ነው» ብሎ ያልፋል።

«ልጄ፣ ሞተርህ ይሸታልና ወደዚያ ብታርቀው ምን አለበት?» ይላሉ አንዲት እናት። «እማማ፣ አሮጌ ሞተር ሁሉ ይሸታል፤ ምንም አይሆንም» ይላል ጎረምሳው። ነገሩ በዚሁ ያበቃል። እሳቸውም ነገረኛ ላለመባል ዝም ይላሉ።

እኛ ግን የምንለው ይህን ነው። አሮጌ ሞተር ሁሉ አይሸትም። የሚሸተው የሚያፈስ ሞተር ነው። የሚያፈስ ሞተር ደግሞ በጋራ ግቢ ውስጥ እስካደረ ድረስ የባለቤቱ የግል ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ ጎማውን የመለወጥ ኃላፊነት የባለቤቱ ነው፤ ይለወጥ ብሎ የመጠየቅ መብት ግን የግቢው ሁሉ ነው።

ስለ ቤንዚን ጠባይ ጥቂት እንበል። ብዙዎቻችን ከላምባ ጋር አድገናል። በኩራዝ አብርተንበታል፣ በላምባ ምድጃ ቀቅለንበታል። ከዚህ የተነሳ ቤንዚንን የላምባ ወንድም አድርገን እናየዋለን፤ ወንድማማች ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ላምባ እሳት የሚይዝ ተን እንዲሰጥ ወደ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። በጥቅምት ውርጭም ይሁን በሚያዝያ ሙቀት፣ የፈሰሰ ቤንዚን ባለበት ሁሉ የሚቀጣጠል ተን አለ ማለት ነው። ተኑ በዓይን አይታይም። ከአየር ከ3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት እየሄደ በበር ሥር ይገባል፣ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል። እሳት ለመያዝም ብዙ አያስፈልገውም። በ100 እጅ አየር ውስጥ 1 ተኩል እጅ ያህል ከገባ በቂ ነው። ሞተሩ እዚህ ቆሞ፣ የከሰል ምድጃው እዚያ ማዶ ሆኖ እሳት ሊያገናኛቸው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

የአዲስ አበባም ከፍታ ነገሩን ያባብሰዋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። እዚህ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ቤንዚን ከቆላው ይልቅ በቀላሉ ይተናል። ከአዳማ ሞልቶ ወደ አዲስ አበባ የወጣ ሰው ክዳኑን ሲከፍት አየር ተገፍቶ ሲወጣ የሚሰማው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጎማው ደህና ካልሆነ ያ ግፊት መውጫውን በዳር በዳር ያገኛል።

ለመሆኑ ክዳኑ ለምን ያፈስሳል? ዋናው ምክንያት የጎማው እርጅና ነው። ጎማ ለዓመታት በአንድ ቦታ ተጨቁኖ ሲኖር ይጠፈጠፋል፤ የመመለስ ጉልበቱን ያጣል። ፀሐይና ሙቀት ያደርቁታል፣ ይሰነጥቁታል። ቤንዚኑም ራሱ ይበላዋል። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል 5 በመቶ ያህል ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ በአዲስ አበባ መሸጥ ተጀምሮ ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ድርሻው ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን ለተሠሩ ሞተሮች ጎማዎች ኤታኖል ያልለመዱት እንግዳ ነው፤ አንዳንዱን ያሳብጣል፣ አንዳንዱን ያደርቃል። እንግዲህ አንድ የቆየ ያማሃ ዲቲ ወይም ሆንዳ ኤክስ ኤል ከፋብሪካ የወጣበትን ጎማ እስከ ዛሬ ይዞ ቢገኝ፣ ጎማው ማፍሰሱ ሳይሆን እስከ ዛሬ መቆየቱ ነው የሚደንቀው።

ሁለተኛው ምክንያት የሰልባቲዮው አፍ ነው። ጎማው የሚያርፍበት የብረት ከንፈር ዝገት ከበላው፣ ወይም በቤንዚን ቀጂው ቧንቧ ተመትቶ ከተጎረጎደ፣ አዲስ ጎማም ቢገባ ዋጋ የለውም። ሦስተኛው ክዳኑን ወደ ታች የሚጫነው ስፕሪንግ መድከሙ ነው። አራተኛው ደግሞ የእኛው የሰዎቹ ልማድ ነው፤ ቤንዚን በተገኘ ቀን «ሙላው፣ እስከ አፉ ሙላው» እንላለን። ቤንዚን ሲሞቅ ይሰፋል። 10 ሊትር ቤንዚን ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር ወደ 190 ሚሊ ሊትር ያህል ይጨምራል፤ ይህ ከአንድ የሻይ ብርጭቆ በላይ ነው። እስከ አፉ ተሞልቶ ፀሐይ ላይ በጎኑ የቆመ ሞተር ይህን ትርፍ የት ያድርገው? በክዳኑ በኩል ይተፋዋል እንጂ!

አሁን ደግሞ በየግቢው ስለምናየው «ጥገና» እንነጋገር። ክዳኑ ሲያፈስ መጀመሪያ የሚመጣው ፌስታል ነው። ፌስታሉ በሰልባቲዮው አፍ ላይ ይደረግና ክዳኑ ይጫንበታል። ለአንድ ቀን የተደፈነ ይመስላል። ከዚያ ፌስታሉ ይቀደድና ቁራጩ ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ የቤንዚኑን መውረጃ ይዘጋል። ሁለተኛው የካላማዳሪ ጎማ ነው። ከጎሚስታ ቤት የተገኘ ቁራጭ በመቀስ ተቆርጦ ይገባል። ካላማዳሪ አየር ለመያዝ የተሠራ ነው፤ ቤንዚን ሲነካው ግን ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ቅርጹ ይጠፋል። ሦስተኛው ሲሊኮን ማስቲሽ ነው። ተራው የመስኮትና የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን በቤንዚን ያብጥና እየተላጠ ይወርዳል፤ ፍርፋሪው ካርቡራተር ይገባል። አራተኛው ሳሙና ነው። ሳሙና በጉዞ ላይ ለተበሳ ሰልባቲዮ እስከ ጋራዥ ለመድረስ ብዙ ሹፌር ረድቷል፤ በየቀኑ ለሚከፈትና ለሚዘጋ ክዳን ግን የሚሆን ነገር አይደለም።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የክዳኑን መተንፈሻ መድፈን ነው። ይህን ጉዳይ ነዋሪው በደንብ እንዲረዳው እንፈልጋለን። የክዳን ሥራ መዝጋት ብቻ አይደለም። በነዚህ አሮጌ ሞተሮች ቤንዚኑ ከሰልባቲዮ ወደ ካርቡራተር የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ነው። ቤንዚን ሲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት። ለዚህም ክዳኑ ላይ ቀጭን ቀዳዳ፣ ወይም ትንሽ ቱቦ፣ ወይም አየር አስገብቶ ቤንዚን የማያስወጣ ትንሽ ቫልቭ ይኖራል። ይህ ሲደፈን ሞተሩ ጥቂት ደቂቃ ይሄድና እንደታነቀ ሰው እየተንተባተበ ይጠፋል። ክዳኑ ሲላላ አየር ሲስብ ይሰማል፣ ከዚያ ሞተሩ እንደገና ይነሳል። ባለሞተሩ ካንዴላ ይለውጣል፣ ካርቡራተር ያስፈታል፣ ገንዘቡን ይጨርሳል፤ ጥፋቱ ግን ራሱ የለጠፈው ማስቲሽ ነው። ስለዚህ ዳሩ መዘጋት፣ መሐሉ መተንፈስ እንዳለበት አንርሳ።

የሚያፈስሰው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጥበብ አይጠይቅም። ሞተሩን ከቀዘቀዘ በኋላ ከቤት ውጭ አውጥቶ፣ ክዳኑንና ዙሪያውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ ጠመኔ ፈጭቶ በክዳኑ ዳርና መሐል ስስ አድርጎ መነስነስ ነው። ከዚያ ሁለት ሰው ይዞት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ ብሎ ማዘንበል። ጠመኔው በዳር በኩል ከረጠበ ጥፋቱ የጎማው ወይም የብረት ከንፈሩ ነው። ከመሐል፣ ከቁልፉ ቀዳዳ ወይም ከመተንፈሻው ከመጣ ደግሞ የቫልቩ ነገር ስለሆነ ጎማ መለወጥ ብቻውን አይፈይድም፤ ክዳኑን ማጽዳት ወይም መለወጥ ያስፈልጋል። ክዳኑ ደረቅ ሆኖ ከሥሩ ካረጠበ የሰልባቲዮው ብየዳ ተሰንጥቆ ይሆናልና እሱን ለባለሙያ መስጠት ነው። በተለይ በቤንዚን ሰልባቲዮ ላይ ብየዳ በሰፈር ልጅ የሚሞከር ሥራ አይደለም። ባዶ የሚመስል ሰልባቲዮ በተን የተሞላ ነው፤ ከሞላው የባሰ ይፈነዳል።

ጥፋቱ የጎማው መሆኑ ከታወቀ ሥራው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ቅደም ተከተሉን ለሚሠራው ሰው እንዲመች በቁጥር እናስቀምጣለን።

1ኛ. ሥራው በቀን ብርሃን፣ በሜዳ፣ ከማድ ቤትና ከምድጃ ርቆ ይሠራል። ሞተሩ ጠፍቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አይጠጋ፤ ልጆችም ይራቁ።

2ኛ. ቤንዚኑ ከግማሽ በታች እስኪሆን ወደ ጀሪካን ይቀንስ። ጀሪካኑ ለቤንዚን የተሠራ፣ ክዳኑ የሚገጥም ይሁን። የውኃ ፕላስቲክ አይሆንም። በአፍ መሳብም አይገባም፤ ወደ ሳንባ የገባ ቤንዚን ሰው ይገድላል።

3ኛ. ክዳኑ ተነሥቶ የሰልባቲዮው አፍ ወዲያው በንጹሕ ጨርቅ ይደፈን። ዝገትና ቆሻሻ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም።

4ኛ. አሮጌው ጎማ በእንጨት ስንጥር ቀስ ብሎ ይውጣ። በካቻቢቴ ሲፈነቀል ብረቱ ይጫራል፤ በዚያ ጭረት በኩል ደግሞ ነገ ያፈስሳል። ሲወጣ የትኛው ፊቱ ወደ ታች እንደነበረ ልብ ይባል።

5ኛ. የውጭው ስፋት፣ የውስጡ ስፋትና ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ይለካና በወረቀት ይጻፍ። ያረጀ ጎማ ስለሚጠፈጠፍ ውፍረቱ ከአዲሱ ያነሰ ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ክዳኑ ላይ ያለውን የጎማ መቀመጫም አብሮ መለካት ይበጃል።

6ኛ. የጎማው መቀመጫና የሰልባቲዮው ከንፈር በጨርቅ ይጽዳ። ቀላል ዝገት ካለ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ አፉ እንደተደፈነ፣ ለስላሳ እስኪሆን ይታሽ። የክዳኑ መተንፈሻም በዚሁ ጊዜ ይጽዳ።

7ኛ. አዲሱ ጎማ ሳይጠመዘዝ፣ ሳይወጠር፣ ሙሉ በሙሉ በቦታው ይቀመጥ። ማስቲሽ አይቀባም። ክዳኑ ሲዘጋ ትንሽ ተቃውሞ ሊሰማ ይገባል፤ በጣም ከከበደ ጎማው ወፍሯል፣ ምንም ካልከበደ ቀጥኗል።

8ኛ. የጠመኔው ሙከራ ይደገም። ከዚያ ለ20 ደቂቃ ያህል ተነድቶ ይታይ። ዳሩ ደረቅ ሆኖ ሞተሩም ሳይታፈን ከሄደ ሥራው ተጠናቋል።

«ጎማውን ከየት እናምጣው? የዚህ ሞተር ዕቃ አይገኝም» የሚለውን አቤቱታ እናውቀዋለን። እውነትም አለበት። ለቆዩ ሞዴሎች ትክክለኛው መለዋወጫ ሁልጊዜ አይገኝም። ነገር ግን ይህ ጎማ የሞተር ልብ አይደለም፤ መጠኑና ዓይነቱ ከተስማማ ከየትም ቢመጣ ይሠራል። ልኩን በወረቀት ይዞ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራና የሞተር መለዋወጫ የሚሸጥባቸውን ሱቆች መጠየቅ ነው። መጠየቂያውም «ቤንዚን የሚችል ጎማ» ነው። በፋብሪካ ስሙ ናይትራይል ይባላል፤ ከእሱ የበለጠ የሚችለው ደግሞ ቫይተን ነው። ኤታኖል ላለበት ቤንዚን ቫይተን ይመረጣል። ዝግጁ ቀለበት ከጠፋ ከዚሁ ጎማ ጠፍጣፋ ቁራጭ ተገዝቶ፣ መካኒኮች ጓርኒሲዮን በሚቆርጡበት አኳኋን፣ በልኩ ሊቆረጥ ይችላል።

ሻጩ «ይችላል» ስላለ ብቻ አይታመንም፤ ጎማ ሁሉ ጥቁር ነው፣ በቀለም አይለይም። ፈተናው ቀላል ነው። ከጎማው ጥፍር የምታህል ቁራጭ ተቆርጣ ትለካ። በትንሽ ብርጭቆ ዕቃ ቤንዚን ውስጥ ገብታ፣ ዕቃው ተከድኖ፣ ከቤት ውጭ ከእሳትና ከልጆች በራቀ ቦታ 24 ሰዓት ትቆይ። በማግስቱ ካላበጠችና ካልለሰለሰች ጎማው ይሆናል። አብጣ ከተገኘች ግን ክዳን ውስጥ ገብታ ከማሳፈሯ በፊት መታወቁ ትርፍ ነው።

አዲሱ እስኪገኝ አንድ ቀን ሁለት ቀን የሚያሳልፍ ዘዴም አለ። ጎማው ጠፍጣፋ ከሆነና ካልተሰነጠቀ፣ ተገልብጦ ያልተጠፈጠፈው ፊቱ ወደ ሰልባቲዮው ከንፈር እንዲያርፍ ማድረግ ነው። ከዚህ ጋር ሰልባቲዮውን ከግማሽ በላይ አለመሙላትና ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ማቆም ይረዳል። ይህ ግን ማሳለፊያ ነው። በአገራችን ደግሞ ማሳለፊያ የተባለ ነገር እንዴት ዘላቂ ሆኖ እንደሚቀር ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ቀን ቆርጦ መያዝ ይሻላል።

«ገንዘብ የለም» ለሚለውም መልስ አለን። በክዳን ዳር በቀን አንድ ሲኒ፣ ማለትም 70 ሚሊ ሊትር ያህል የሚባክንበት ሰው በወር ከ2 ሊትር በላይ ቤንዚን ለአየር ይከፍላል። ጎማው የሚጠይቀው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ብዙ አይደለም። በዚያ ላይ ቤንዚን የነካው ቀለም ይላጣል፣ የመቀመጫው ሽፋን ይበላሻል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ቤንዚን ያስወጣ ቀዳዳ ውኃ ያስገባል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሰልባቲዮው ሥር ይተኛና ከውስጥ ያዝገዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሞተሩ እየተንተባተበ የሚያስቸግረውም አንዳንድ ጊዜ በዚህ ነው። ጎማ መለወጥ ወጪ ነው ቢባል እንኳ፣ አለመለወጥ የባሰ ወጪ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆንልን እንፈልጋለን። ሞተር ሳይክል ጠላን፣ ሞተር ያላቸው ወጣቶች ይውጡልን ማለታችን በፍጹም አይደለም። በእነዚህ ሞተሮች ዕቃ እያደረሱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ልጆች አሉን። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ስትገኝ ታክሲ ለመጥራት ቀድሞ የሚሮጠው ባለሞተሩ ነው። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሞተሩ ከነደህናው ይደር።

ጎረቤትም የራሱ ድርሻ አለው። ሽታ ሲሸት በሹክሹክታ ማማትና በር መዝጋት አያዋጣም። በቀጥታ፣ በአክብሮት መናገር ነው የሚሻለው። የተነገረውም «ምን አገባዎት?» ከማለት ቆም ብሎ ያስብ። ከሚያፈስ ሞተር ሁለት እርምጃ ርቆ የሚተኛ ሕፃን ያለው ሰው በጣም ያገባዋል። እሳት ሲነሳ የማን ሞተር እንደሆነ ጠይቆ አይሄድም፤ ቤቶቻችን ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ናቸው።

ከዚህ በመነሣት ለነዋሪውና ለማኅበሩ ኮሚቴ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን።

ሀ. በየግቢው ሞተር የሚያድርበት ቦታ በስምምነት ይወሰን። ከማድ ቤት በር፣ ከምድጃና ከመኝታ ቤት መስኮት የራቀ፣ አየር የሚያገኝ ቦታ ይሁን። መውጫ በር ላይ ግን አይቁም፤ እሳት ቢነሳ ሰው የሚወጣበት እንዳይታጣ።

ለ. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለሞተሮች ሁሉ ሞተራቸውን ወደ ሜዳው አውጥተው ክዳኖቹ በጠመኔ ይፈተሹ። በሰፈራችን በቴክኒክና ሙያ የሠለጠኑ ልጆች አሉ፤ ቢጠየቁ እንደማይሰስቱ እናምናለን። ዓላማው ማንንም ማዋረድ አይደለም፤ የሚያፈስሰውን ማወቅ ብቻ ነው።

ሐ. የሁሉም ክዳን ልክ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ጎማው በጅምላ ይገዛ። አንድ ሰው ለአንድ ጎማ መርካቶ ከሚመላለስ፣ አንድ ሰው ለሁሉም ቢሄድ የትራንስፖርቱ ወጪ ይቀንሳል፣ ሻጩም ዋጋ ይቀንሳል።

መ. በየግቢው በር አጠገብ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ይቀመጥ። አቅም ያለው ግቢ የዱቄት እሳት ማጥፊያ ቢገዛ የበለጠ ነው። ቤንዚን ሲነድ ውኃ መድፋት አይገባም፤ ቤንዚኑ በውኃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ይዞት ይሄዳል። በአሸዋ ማፈን፣ ሰውን ማራቅ፣ ወዲያውም ለእሳት አደጋ መከላከያ በ939 መደወል ነው።

ሠ. ቤንዚን ጠፍቶ ሲሰነብት በቤት ውስጥ በውኃ ፕላስቲክ የማስቀመጥ ልማድ ይቅር። የክዳን ጎማ ለውጠን አልጋ ሥር ቤንዚን ብናስቀምጥ ልፋታችን ከንቱ ነው።

ይህ ሁሉ ትልቅ በጀት፣ ትልቅ ስብሰባ አይጠይቅም። መንግሥት እስኪመጣ፣ ፕሮጀክት እስኪጸድቅ የሚጠበቅበት ነገርም የለውም። አንድ ጠመኔ፣ አንድ ማስመሪያ፣ ጥቂት ብርና የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ብዙውን ጊዜ እኛ ከአደጋ በኋላ ጎበዞች ነን፤ እናዋጣለን፣ ድንኳን እንተክላለን፣ እናለቅሳለን። ይህ መልካም ባህላችን ነው፤ ይቀጥል። ግን ለአንዲት ጎማ የሚበቃ ገንዘብና ትኩረት በጊዜው አጥተን፣ ለቤት ማሠሪያ መዋጮ በኋላ ስንዞር ብንገኝ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያነበበ ባለሞተር ዛሬ ማታ ሞተሩን ከማስገባቱ በፊት በክዳኑ ዙሪያ ጣቱን ያሳልፍ። ጣቱ ከረጠበ ወይም ከሸተተ ሞተሩን ከማድ ቤቱ አርቆ ያቁም፣ ነገ ልኩን ይውሰድ፣ ከነገ ወዲያ ጎማውን ይለውጥ። ሞተር የሌለው ነዋሪም በግቢው ሽታ ከተሰማው ዛሬውኑ ይናገር፤ የተነገረውም አመስግኖ ይቀበል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ለፍተሻው የሚሆነውን ቅዳሜ ኮሚቴው ወስኖ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንዲያሳውቀን፣ ነዋሪውም ሐሳቡን ለማኅበሩ ጸሐፊ እንዲያቀርብ በአክብሮት እናሳስባለን።